ከበሩ እስከ ኮርቹ

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ልጄ «እማዬ፣ ይህ ግቢሽ እባብ ሊያስገባብሽ ነው» ብሎ ባለሞተር ሣር አጫጆች ቀጠረልኝ። ሁለት ወጣቶች ናቸው፤ አንዱ ማሽኑን በትከሻው አንግቶ፣ ሌላው ቤንዚኑን በጀሪካን አንጠልጥሎ ከመናኸሪያው በባጃጅ መጡ። ማሽኑ ሲነሳ ዶሮዎቼ ወደ ጓሮ ፈረጠጡ፣ እኔም ልከተላቸው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ቆየት ብሎ ግን የእርጥብ ሣር ሽታ፣ ቤንዚኑ ሊያበላሸው እየታገለው፣ በመስኮቱ ገባና ወንበሬ ላይ አደላድሎ አስቀመጠኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እያሸተትኩ ሳለ አጫጁ ማሽኑን አጠፋ። በጎረቤቴና በእኔ መካከል ያለው አጥር በዝናቡ ወድቆ ስለነበር ግራ ገብቶት ኖሯል፣ ትሕትና ባለው ድምፅ «እማማ፣ የእርስዎ እስከ የት ነው?» አለኝ። ያልሰማሁት መስሎት ጮክ ብሎ ደገመልኝ። ሰምቼዋለሁ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለች ጥያቄ አንድን ሰው ደጅ አልባ ስታደርገው በልጅነቴ ቆሜ አይቻለሁና ምላሴ ቶሎ አልታዘዝ አለኝ።

ያደግሁት እዚሁ ሆሳዕና፣ ያኔ የከተማው ዳርቻ በነበረ፣ ዛሬ ግን ፎቅ በበቀለበት ሰፈር ነው። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። በእኛ አገር ቤት ሲሠራ ጀርባውን ለእንሰት፣ ፊቱን ለመስክ ይሰጣል። ከበሩ ፊት ለፊት የተንጣለለው ሣር ለዓይን ማረፊያ ብቻ አይደለም፤ ሠርግ እዚያ ይደገሳል፣ ለቅሶ እዚያ ይቀመጣሉ፣ የተጣላ እዚያ ይታረቃል፣ ልጅም ድክ ድክ ማለትን የሚለማመደው እዚያ ነው። እንግዳ ከሩቅ ሲመጣ የባለቤቱን ማንነት የሚገምተው በመስኩ ስፋት ነበር። መስክ የሌለው ሰው ቢሞት ለቀስተኛው የት ይቆማል ተብሎ ይታዘንለታል።

አባቴ ጴጥሮስ የአውራጃው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። ሀዲይኛ የአፍ መፍቻው ነው፤ ከምባትኛን ከእናቱ፣ አማርኛን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት አግኝቷል። ዳኞቹ ከሰሜን የመጡ፣ ባለጉዳዮቹ የገጠር ሰዎች ስለነበሩ በመካከላቸው ካኪ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ የሚቆመው እሱ ነው። በየጠዋቱ ከሩቅ መንደር የመጡ ሰዎች በራችን ላይ ተቀምጠው ይጠብቁታል። አንዳንዱ ቅቤ፣ አንዳንዱ ማር ይዞ ይመጣል፤ አባቴ ግን ያመጡትን ይዘው እንዲመለሱ ያደርጋቸው ነበር፣ እናቴም ቅቤው ሲመለስ በመስኮት እያየች ትተክዛለች። ቃል አይጨምርም፣ ቃል አይቀንስም እየተባለ በከተማው ተመስክሮለታል። ሰዎቹ ግን ሥራውን በራሳቸው መንገድ ነበር የሚረዱት። ለእነሱ አስተርጓሚ ማለት ጠበቃም አማላጅም ነው፤ ዳኛው ፊት ሁለት ሦስት ቃል ይወረውሩና ዝም ይላሉ፣ ቀሪውን ጴጥሮስ ይናገርልናል ብለው። አባቴ ይህን ራት ላይ እያነሣ ይስቅ ነበር፣ እኛም አብረን እንስቃለን። እኔ አፍ አፉን እያየሁ ነው ያደግሁት። ከአባቴ አፍ የሚወጣ ነገር ሁሉ እውነት ነው ብዬ አምን ነበር፣ እውነትም ነበር።

ከብት ማርባቱ ከመንግሥት ሥራ ጋር አልሄድ ስላለው አባቴ ከብቶቹን ሸጦ ነበርና መስካችንን የሚግጥ አልነበረም። ሣሩ ክረምት ላይ እስከ ጉልበቴ ይደርሳል፤ ውስጡ ስንሮጥ ቀሚሳችን እየረጠበ እናታችን ትቆጣናለች። አባቴ ደግሞ በሚሲዮኑ ግቢ ከሥር ከሥሩ የተከረከመ፣ ምንጣፍ የመሰለ ሣር አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል። የእኛም መስክ እንደዚያ ካልሆነ አላርፍ አለ። እናም ጎረቤታችንን ማዴቦን ቀጠረ። የእሱ መስክ ከእኛ ጋር የተያያዘ ሲሆን በመካከላችን የግራዋ አጥር ነበር፤ ከግራዋው ወዲያ እስከ ቤቱ በር ድረስ፣ እሾሃማ ግንዱ ላይ ቀይ አበባ የሚያብበው አሮጌ ኮርች እስከቆመበት፣ የማዴቦ ነው። የቅጥሩን ውል የተዋዋሉት ቆመው፣ እጅ ለእጅ ተማትተው ነው። ማዴቦ የእኛን መስክ ያጭዳል፣ የታጨደውን ሣር ለላሙ ይወስዳል፤ ሌላ ክፍያ የለም።

ማዴቦ ረጅም፣ ወሬኛ፣ በማጭዱ የሚኮራ ሰው ነበር። ቁጢጥ ብሎ እያጨደ ወደፊት ሲገፋ የላሙን የትውልድ ሐረግ፣ እናቷን፣ የእናቷን እናት፣ ወይፈን አጎቷን ሳይቀር ይተርክልኛል፤ ራሱን የሚያሞግስበት ጊዜ ሲደርስ ግን ቆም ብሎ ማጭዱን ያነሣል። «ላንዲቾ» ይለኛል፣ በሀዲይኛ ልጅት እንደማለት ነው፣ «ከዚህ እስከ ሀቢቾ ድረስ ሣር ቢሆን ብቻዬን እጨርሰው ነበር»። የቤተ ክርስቲያን አባል ስለነበር ትምባሆ ተከልክሏል፤ ይሁንና ከኮርቹ ጀርባ ጋያውን እየደበቀ ይስባል፣ እኔን ደግሞ ወንጌላዊው ብቅ ሲል እንድስል አዝዞኛል። አንድ ጊዜ እውነተኛ ጉንፋን ይዞኝ ሳላቋርጥ ስስል ጋያውን ጥሎ እንሰት ውስጥ ሲደበቅ ውሏል። እናቴ ምሳ ስታወጣ ደግሞ አንድ ቀን ሰዓቱን ስቶ አያውቅም፤ ቆጮው በአይብ ተሸፍኖ ሲቀርብ ማዴቦ እጁን ታጥቦ ደርሷል።

ከአባቴ ጋር የሚጋጩት በአንድ ነገር ብቻ ነበር። አባቴ ሣሩ አጭር እንዲሆን ይፈልጋል፣ ማዴቦ ለላሙ ሲል እስኪረዝም መጠበቅ ይፈልጋል። «ጴጥሮስ፣ ይህ እኮ ገና ጡት ያልጣለ ሣር ነው» ይለዋል፤ አባቴ ደግሞ የሚሲዮኑን ግቢ ያነሣበታል፤ ማዴቦም ላም የሌለው ሰው ነገር ነው ብሎ ያሾፍበታል። በመጨረሻ ከበራችን አጠገብ ያለው ያጥራል፣ ሌላው ይረዝማል ተባብለው ይለያያሉ። በሳምንቱ ያው ጭቅጭቅ እንደ አዲስ ይጀመራል። ሁለቱም ይህን ጭቅጭቅ ይወዱት እንደነበር አሁን ይገባኛል።

ታላቅ እህቴ ማርታ ስታገባ የተጠራው ሰው ከመስካችን በላይ ሆነ። ከሀደሮ የእናቴ ዘመዶች ብቻ አንድ አውቶቡስ ሞልተው እንደሚመጡ ተሰማ። አባቴ ተጨነቀ። ያኔ ማዴቦ ራሱ፣ ማንም ሳይለምነው፣ «አጥሩ ምን ያደርጋል? እንክፈተውና የኔንም ጨምሩ» አለ። ግራዋውን በገጀራው መንግሎ ጣለው፣ ሥሩን ሳይቀር አወጣው፣ ከዚያም ሁለቱን መስክ አንድ ላይ አጨደ። ሠርጉ አማረ። ሰው ከበራችን ጀምሮ እስከ ኮርቹ ጥላ ድረስ በሰልፍ ተቀምጦ በላ፣ መዝሙሩም ከወዲያ ወዲህ እየተቀባበለ ዋለ፣ ማዴቦም እንግዶቹ መሀል እየተመላለሰ «ሣሩ ተመቻችሁ?» እያለ እንደ ደጋሽ ይጠይቅ ነበር። ከሠርጉ በኋላ አጥሩ ይመለሳል የተባለው ሳይመለስ ቀረ። አባቴ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ የተከፈተውን መስክ ሲያይ አየሁት፤ እንዲህ ያለ ፊት ሳይበት የመጀመሪያዬ ነበር። ማዴቦን ጠርቶ «እንዲህ ክፍት ሆኖ ማማሩን አየህ? አጥሩን መመለሱ ይቆይ። አንተ እንደሆን ሁለቱንም ታጭዳለህ» አለው። ማዴቦም ውበቱን አየና ተስማማ። እኔ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ተደሰትኩ፤ ከበራችን ተነስቼ ምንም ሳያግደኝ ኮርቹን እስክነካ ድረስ መሮጥ ቻልኩ።

እንዲህ ሆኖ ከአንድ በላይ ክረምት አለፈ። ከዚያ የመሬት ለኪዎች ገመዳቸውን ይዘው በየሰፈሩ መዞር ጀመሩ። ወደ እኛ የመጡት በገበያ ቀን ነው፤ ሰፈሩ ባዶ ነበር፣ ሽማግሌዎቹም እናቴም ገበያ ወርደዋል። አባቴ ያን ቀን ቤት ነበር። ለምን ሥራ እንዳልሄደ ያኔ አልገረመኝም። ማዴቦ መስኩ መሀል ቁጢጥ ብሎ እያጨደ ነበር፣ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ ስለ ላሙ እሰማለሁ። የለኪዎቹ አለቃ ባርኔጣ ያደረገ፣ ደከም ያለው፣ ክፉ የማይመስል ሰው ነበር፤ ሀዲይኛ አይሰማም። ማዴቦ ደግሞ አማርኛው ከሰላምታ አያልፍም። ሌላ የሚያስተረጉም አልነበረምና አባቴ ኮቱን ቆልፎ በመካከላቸው ቆመ። ባለጉዳዩ ራሱ አስተርጓሚ የሆነበት ነገር ነው፤ ዛሬ ሳስበው ያስቀኛል፣ ሳቁ ግን አይወጣልኝም።

አለቃው «ይህን ሣር የሚያጭደው ማነው?» አለ። አባቴ ተረጎመ። ማዴቦ ማጭዱን ይዞ ተነሣና «እኔ ነኝ» አለ። አለቃው ለማን እንደሚያጭድ ጠየቀ፣ ማዴቦም «ለጴጥሮስ» አለ። በምን ዋጋ ተባለ፤ ሣሩን ለላሜ እወስዳለሁ አለ። «ለጴጥሮስ የምታጭደው ከየት እስከ የት ነው?» ተባለ። እዚህ ላይ ማዴቦ ቀና አለ። ስለ ሥራው ስፋት ተጠይቆ አንገቱን የሚደፋ ሰው አልነበረም፤ ማጭዱን ከፍ አድርጎ ከበራችን ጀመረና በቀስታ እያዞረ «ከበሩ እስከ ኮርቹ፣ ሁሉንም፣ ብቻዬን» አለ። አባቴ «ከበሩ እስከ ኮርቹ፣ ሁሉንም፣ ብቻዬን» ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው። ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ ሌላ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። አንድም ቃል አልጨመረም፣ አንድም ቃል አልቀነሰም። ማዴቦ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ የአባቴን አፍ ማየት ጀመረ። የሰዎቹ ልማድ መሆኑን አውቅ ነበርና ቀሪውን እስኪናገርለት እየጠበቀ እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም ጠበቅሁ። ስለ ግራዋው፣ ስለ ሠርጉ አሁን ይነግራቸዋል አልኩ። አባቴ የኮቱን ቁልፍ ነካ ነካ አደረገና ወደ አለቃው ዞሮ ሌላ የሚጠይቁት ነገር እንዳለ ጠየቀ። አለቃው የለም አለ፣ ገመዱም እስከ ኮርቹ ተዘረጋ።

አዲሱ አጥር የተተከለው ከኮርቹ ወዲያ፣ ከማዴቦ በር ፊት ለፊት ነው። ቤቱና እንሰቱ ቀሩለት፤ በሩን ሲከፍት ግን የሚያየው አጥር ሆነ። ሚስቱ ከቤት ስትወጣ ግድግዳውን ታክካ በጎን ነበር የምታልፈው። ሰፈሩ አንሾካሾከ፣ እናቴ ለብዙ ቀን ከአባቴ ጋር ራት አልቀረበችም፤ ፊት ለፊት የተናገረ ሰው ግን አልነበረም። ነገ ፍርድ ቤት ቢቆሙ አፋቸው የሚሆነው ማን ነው? ማዴቦስ ቢከስ ነገሩን ለዳኛው የሚያስተረጉምለት ማን ነበር? እኔ ብቻ አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴን ጠየቅሁት። «አባባ፣ አጥሩ የተከፈተው ለማርታ ሠርግ አልነበረም እንዴ?» አልኩት። ጫማውን እየጠረገ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝ፤ አልተቆጣም። «ነው። እሱን ግን አልጠየቁም። እኔ የተጠየቀውንና የተመለሰውን ነው የምተረጉመው» አለኝ። ከዚያ ጫማውን መጥረጉን ቀጠለ። ቢቆጣኝ ኖሮ በተሻለኝ ነበር።

የሚገርመው አባቴ ማዴቦን ከሥራ አላስወጣውም። ጠራውና ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ እንደ ድሮው እያጨድክ ሣሩን ትወስዳለህ አለው፤ ይህን ሲል ከልቡ ነበር፣ ይህም እስከ ዛሬ ከሁሉ በላይ ያመኛል። ማዴቦ መጣ። በር ላይ ቆሞ ግባ እስኪባል ጠበቀ፣ ገብቶም ያለ ወሬ አጨደ። የላሙን ነገር ብጠይቀው ሸጥኳት አለኝ። በማግስቱም መጥቶ ከበራችን እስከ ኮርቹ ያለውን ሣር አፈሩ እስኪታይ ከሥሩ ከረከመው፤ አባቴ ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘው ሣር በመጨረሻ ተሳካለት፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እየዞረ ያሳይ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ማዴቦ ቤቱን ለዘመድ ትቶ ሚስቱን ይዞ ወደ ወገኖቿ ወደ ሀቢቾ ሄደ። እኔን ሳይሰናበተኝ መሄዱን ለረጅም ጊዜ ተቀይሜበታለሁ።

ዳግመኛ ያገኘሁት ለመምህርነት ሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ልሄድ አውቶቡስ ስጠብቅ ነው። ከሀቢቾ የመጣ ጭነት እያወረደ ነበር፤ ጎብጧል፣ ጢሙም ሸብቷል። እኔ ነኝ ቀድሜ ያወቅሁት። «ላንዲቾ» አለና በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀ፣ ስለ ማርታ ልጆች ጠየቀ፣ በሥርዓቱ ስለ አባቴም ጠየቀ። ደህና ናቸው አልኩት። ከዚያ የአውቶቡሱን ጎማ እያየ በሀዲይኛ እንዲህ አለኝ፤ «አንቺ ያን ቀን አጠገቤ ነበርሽ። ሁለቱንም ትሰሚያለሽ። እስኪ ንገሪኝ፣ አባትሽ የተናገርኩትን ምን ብሎ ነው የነገረው ሰውዬውን?»

ምን ልበለው? ዓይኑን ሳየው የሚጠብቀው መልስ ምን እንደሆነ ገባኝ፤ ያንን መልስ ልሰጠው አልቻልኩም። «ያልከውን ነው ያለው፣ ማዴቦ። አንድም ቃል አልለወጠም» አልኩት።

«አንዲት ቃል እንኳ?»

«አንዲት ቃል እንኳ።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን ሌላ ነገር ብሏቸው ነው ስል ኖርኩ። ሚስቴም ልጆቼም እንደዚያ ነው የሚያውቁት።»

ቸኩዬ፣ ቃሉ በአፌ እየተደነቃቀፈ፣ ግን አጥሩ ለሠርግ እንደተከፈተ አባቴ ያውቅ ነበር፣ መናገር ሲገባው ዝም አለ፣ የከዳህ እሱ ነው አልኩት። ማዴቦ አዳመጠኝ፤ አንድ ጊዜም አላቋረጠኝም። ስጨርስ «እኔም አውቅ ነበር። እኔም አልተናገርኩም» አለ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ እንደሚናገር፣ «እንግዲያው ደጄን በእጄ ያሳየኋቸው እኔ ነኛ» ብሎ ጨመረ። ሣጥኔን ተሸክሞ ራሱ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጫነልኝ፤ በርትቼ እንድማር መክሮኝ ወደ ጭነቱ ተመለሰ። መስኮት ይዤ ነበር፣ ዞሮ ያየኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ አላየኝም።

አባቴን የጠላሁት መስኩ የተወሰደ ቀን አይደለም፤ ያን ቀን ነው። ቢዋሽ ኖሮ ለማዴቦ የሚረግመው ሰው ይተርፈው ነበር፤ አባቴ ግን ደጁንም ወሰደ፣ ጥፋቱንም ለራሱ ለማዴቦ ተወለት። ለዚህም የተጠቀመው እኔ ከምንም በላይ በምኮራበት፣ ቃል በማይጨምረውና በማይቀንሰው አፉ ነው። አውቶቡሱ ከተማውን ወጥቶ እስኪርቅ አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የቤት ናፍቆት መስሏቸው በጉዞ ላይ ብርቱካን እየላጡ ሰጡኝ።

ለእረፍት ስመለስ አባቴ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። አቀፈኝ፣ መንገዱ እንዴት እንደነበረ ጠየቀኝ፣ ትምህርቱ ከብዶኝ እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ማንን እንዳገኘሁ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝን መለስኩለት። ከዚያ ወዲያ ጡረታ ወጥቶ፣ አርጅቶ፣ ወሬ ናፍቆት እጄን ይዞ እስኪያስቀምጠኝ ድረስ፣ እስከ ሞተበት ቀን፣ ለአባቴ የተጠየቅሁትን ብቻ እየመለስኩለት ኖርኩ።